በኒዕማ ስም የሮጠችው ረሺዳ

ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር
ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለኒዕማ እንድሪስ፣ ሐርቡ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አንቺንም፣ ባልሽንም፣ ልጆችሽንም፣ አክስቴ ፋጤንም አላህ በጤና ይጠብቅልኝ። ከስደት ወደ ቤታችሁ ተመልሳችሁ ገበያው እንደገና መቆሙን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

የአክስታችንን የፋጤን ልጅ የረሺዳን መርዶ በስልክ የነገርኩሽ ቀን ሁለታችንም ስናለቅስ ካርዱ አለቀ። አንድ ቁም ነገር ሳልነግርሽ ቀረሁ። ስለዚህ በወጉ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ፤ መዳሜ ልጆቿን ይዛ ወጥታለች፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

እናንተ እዚያ «ሯጭ ሆነች» ሲሏችሁ በቴሌቪዥን እንደምታዩዋቸው ይመስላችኋል። ጫማ የሚገዛላት፣ ደሞዝ የሚከፍላት አልነበረም። እንደ እኔው የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ስድስት ቀን ስትጠርግና ስታጥብ ትውላለች። ዳቦ ቤት ስትላክ በሩጫ ሄዳ በሩጫ ትመለሳለች፤ መዳሟ «ዳቦው ትኩስ ሆኖ የሚደርሰው በእኛ ቤት ብቻ ነው» እያለች ለጎረቤት ትኮራባት ነበር። ዓርብ ዕረፍታችን ነው፤ ጎሕ ሲቀድ እየዞረች በራችንን ታንኳኳና ሜዳ ትወስደናለች። መጀመሪያ አራት ነበርን። አራተኛዋ እኔ ነኝ፣ አትሳቂ።

ያኔ ሱሪ የለበሰች ሴት ፖሊስ ይጭናት ነበር። እኛም በሱሪው ላይ ዓባያ ደርበን፣ ጫፉን ወገባችን ላይ ጠቅልለን እንሮጣለን። ፖሊስ ከሩቅ ብቅ ሲል ረሺዳ «አውርዱ!» ትላለች፤ ሁላችንም ዓባያችንን ለቀን እንደ ለቀስተኛ ቀስ ብለን እንራመዳለን። እንዲያ እያልን አሁን ሰባ ደርሰናል። እሷ ራሷ በናይል ዳር በሚደረገው የሕዝብ ሩጫ ሁለት ጊዜ አንደኛ፣ አንድ ጊዜ ሦስተኛ ወጥታለች፤ ከስታዲየም ልጆች ጋር ተጋፍታ፣ በዳቦ ቤት ልምምድ!

ካንሰሩ የጀመራት ከጡቷ ነው። እብጠቱን ስምንት ወር ደበቀችን። የደበቀችውም የዓርቡ ሩጫ እንዳይቀርባት ብላ እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ። ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ፣ ምን ይጠቅማል።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ሴቶቹ የመታሰቢያ ሩጫ ሊያዘጋጁላት ነው። ዴም ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ተውፊቅ ዋንጫ አሠራለሁ ብሏል። ዋንጫው ላይ «የኒዕማ ሩጫ» ተብሎ ሊጻፍ ነው። ከእኔ በቀር እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ የለማ! ዕድሜዋ አልደረሰም ተብሎ የአንቺን የቀበሌ መታወቂያ ስትበደር ለሁለት ዓመት ነው ተባብለን ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ሠርተፊኬቶቹም፣ የሆስፒታሉም ወረቀት፣ መቃብሯ ራስጌ የተተከለችው ቆርቆሮም «ኒዕማ እንድሪስ» ነው የሚሉት። ሄጄ ዱዓ ሳደርግ ዓይኔን ጨፍኜ ነው፤ ስምሽን መቃብር ላይ ማየት አልቻልኩም።

እውነቱን ልናገር ወይስ ልተወው? ከሴቶቹ ግማሾቹ እንደ እሷ በሰው ስም የገቡ ናቸውና ወሬው ፖሊስ ዘንድ ቢደርስ ያስፈራኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ከነስሟ ጠፋች ማለት ነው። ስሙ ያንቺ ስለሆነ ያለ ፈቃድሽ አፌን አልከፍትም። ቶሎ መልሺልኝ።

ስለ አንቺና ስለ ልጆችሽ ዱዓ የማላቋርጥ እህትሽ
ሐምዲያ


ሐርቡ
መጋቢት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእትዬ ሐምዲያ

ወዐለይኩሙ ሰላም። ጉልበትሽን አላህ ያሽርልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የቤታችን ቆርቆሮ ተነቅሎ ነበር፣ አሁን ከላይ ሸፍነነዋል። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል። አክስቴ ፋጤ ሐዘኗን ችላ እየዋለች ነው፤ እንደ ድሮው ሰው ትቆጣለች፣ ስለዚህ አታስቢ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ሩጫዋ የጻፍሽው ልቤን ሞላው። ልጅ ሳለን ከትምህርት ቤት እስከ ወንዙ ስንሮጥ ማን ይቀድም እንደነበር ታስታውሻለሽ? እኔ እቀድማት ነበር። ይህን የምልሽ ለመኩራራት አይደለም፣ ትዝ ብሎኝ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሠርተፊኬቶቹንና ሜዳሊያዎቹን አስተማማኝ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ። ስሜ ያለበት ስለሆነ እኔ ዘንድ ቢቀመጥ ይሻላል። እዚያ በሰው ቤት ዕቃ ሲጓጓዝ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል። ልጆቹ እጅሽን ስመዋል።

እህትሽ ኒዕማ


ካርቱም፣ ሪያድ
ሚያዝያ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለኒዕማ

አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳን ሙባረክ። አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ፣ ዒዱንም በደስታ ያድርስልን። እዚህ ሙቀቱ እንኳን የጾመን የበላንም ይጥላል፤ ግን ለምደነዋል።

ተውፊቅ ለዒድ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚሄድ ሦስቱንም ሠርተፊኬት ሰጥቼዋለሁ። ሜዳሊያዎቹ ግን የአክስቴ ፋጤ ናቸው፤ በእጇ እንዲያስረክባት ነግሬዋለሁ። ቅር አይበልሽ።

ስለ ስሙ ግን አንዲት ቃል አልመለስሽልኝም። ወይ «ተናገሪ» በይኝ፣ ወይ «ዝም በይ» በይኝ። ሴቶቹ ከዒድ በኋላ ሊያደርጉት የነበረውን ሩጫ ሙቀቱን አሳብቤ እስከ ኅዳር አስገፋሁት። ሌላ የማሳብበው የለኝም።

እስከዚያው ስለ እሷ ልንገርሽ። መድኃኒቱን በሦስት ሳምንት አንዴ ይሰጧት ነበር፤ መዳሟ፣ አላህ ይስጣት፣ በገዛ መኪናዋ ታመላልሳታለች። ጸጉሯ ሲረግፍ «ጥሩ፣ ቀለል አልኩ» ብላ ሳቀች። በመጀመሪያው ሳምንት ትተኛለች፣ በሁለተኛው ትራመዳለች፣ በሦስተኛው ዓርብ ሜዳ ላይ አንድ ዙር ትሮጣለች። ስትወድቅ አይቻታለሁ። ላነሳት ስሄድ «ዞር በይ፣ ሰዓቱን እየያዝኩ ነው» አለችኝ። መሮጥ ሲያቅታት የፕላስቲክ ወንበር አስመጥታ መጨረሻው መስመር ላይ ተቀመጠች። የእያንዳንዳችንን ሰዓት ትጽፋለች፤ የዘገየች ካለች ትሰድባታለች። እኔን «አንቺ እትዬ፣ ጥላሽ ቀድሞሽ ገባ» ብላኛለች። የመጨረሻዋ ዓርብ ያቺ ነበረች። በማግስቱ ሆስፒታል ገባች፣ አልወጣችም።

ኒዕሚ፣ እኔ በሰው ቤት ስኖር ብዙ ሰው አይቻለሁ። እንደሷ የኮራሁበት የለም።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ሐምዲያ


ሐርቡ
ሰኔ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐምዲያ

እንደምን ከረምሽ። ሠርተፊኬቶቹ ደርሰውኛል፣ አመሰግናለሁ። ሜዳሊያዎቹንም አክስቴ ፋጤ ተቀብላ ትራሷ ሥር አድርጋለች።

እውነቱን ልንገርሽና ከፈለግሽ ተቆጪ። ወረዳው ለሴት ልጆች የሩጫ አሰልጣኝ ሊቀጥር ነው። እኔ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ከልጄ ጋር ስድስት ሴት ልጆች ማለዳ ማለዳ አሯሩጣለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ማመልከቻ ሳስገባ «የውድድርና የማሠልጠን ማስረጃ አምጪ» አሉኝ። ማስረጃው በስሜ አለ። የቀረኝ እዚያ ለዐሥራ አንድ ዓመት ሴቶችን ማሠልጠኗን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። ዴም ያለው መረዳጃ ማኅበራችሁ ማኅተም አለው ብለሽኝ ነበር። አስጽፊልኝ።

«የሞተች እህትሽን ላብ ልትሸጪ ነው» ትይኝ ይሆናል። እኔስ? መታወቂያዬን ስሰጣት ሃያ ዓመቴ ነበር። በዓመቱ ጅዳ ልሄድ ፓስፖርት ስጠይቅ «በዚህ ስም ወጥቷል» ተባልኩ። ምን ልበል? ብናገር እሷን ማሳሰር ነው። ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፣ ሽንኩርት መቸርቸር ጀመርኩ። ስሜ ካርቱም ሄዶ ሮጠ፣ ሜዳሊያ አገኘ፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ። አንድ ቀን አልቆጨኝም ብልሽ እዋሻለሁ። አሁን ስሜ አንዴ እንኳ ቢጠቅመኝ ምን አለበት?

ስለ ሩጫው ስም የጠየቅሽኝን የማልመልሰው ለዚህ ነው። ዋንጫው ላይ ረሺዳ ከተባለ ማስረጃዬ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ዝም በይልኝ።

ኒዕማ


ካርቱም፣ ሪያድ
መስከረም 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለኒዕማ

አሰላሙ ዐለይኩም። ክረምቱ እንዴት አለፈላችሁ? መልሴ የዘገየው የመተማ መንገድ ተዘግቶ ስለከረመ ነው ልልሽ ነበር። መንገዱም ተዘግቶ ነበር፣ እኔም ተቆጥቼ ነበር። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ።

ስረጋጋ ግን የተናገርሽው እውነት መሆኑ ገባኝ። ጅዳ መሄድ እንደቀረብሽ አላውቅም ነበር። እሷ ግን ታውቅ ነበር፤ አክስቴ ፋጤ በስልክ ነግራት ነው መሰለኝ። ለዚህ ነው አንድ ነገር ልነግርሽ የሚገባኝ።

ረሺዳ ዐሥራ ሁለት ዓመት ከማንም ጋር ተጣልታ አታውቅም። ደሞዟን ያስቀረባት ቤት እንኳ ሲያጋጥማት ጥላ ወጣች እንጂ አልተሳደበችም። አንድ ቀን «አንቺ ደም የለሽም ወይ?» ብላት፣ «በስሜ ብሆን ኖሮ ታዪኝ ነበር። ይሄ የኒዕማ ስም ነው፣ ፖሊስ መዝገብ ላይ ማሰፈር አልችልም። ንጹሑን እመልስላታለሁ» አለችኝ። ሩጫ ስታሸንፍ ስሙን በማይክ ሲጠሩት ቆማ ትሰማዋለች፤ ከዚያ ወደኔ ዞራ «ኒዕማ ዛሬም አሸነፈች» ትላለች። እየቀለደች ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው ያንቺን ድርሻ እየሰጠችሽ ነበር።

ሆስፒታል እያለች ብዙ አልተናገረችም። «ስሟን መልሺላት» ብቻ አለችኝ። እንዴት አድርጌ እንደምመልስ አልነገረችኝም። ስትሞት ደግሞ ወረቀቱ «ኒዕማ እንድሪስ ሞተች» አለ። እዚህ አገር በወረቀት ሙተሻል፣ እህቴ።

ደብዳቤውን አስጽፌልሻለሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ ያየውን ሁሉ በአማርኛ አሳምሮ ጻፈ፣ ማኅተሙንም አሳረፈበት። የስሙን ቦታ ግን ባዶ ተወው ብዬዋለሁ። ገርሞት «ለምን?» አለኝ፤ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኩት።

አንቺ ጻፊበት። የራስሽን ብትጽፊ አልናገርሽም፣ ለማንም አልናገርም፣ ዋንጫውም «የኒዕማ» ተብሎ ይቀረጻል። የእሷን ብትጽፊ ንገሪኝ፤ ሩጫው ኅዳር 9 ቀን ዓርብ ነው። ከዚህ በላይ ማለት አልችልም።

አክባሪሽ ሐምዲያ


ሐርቡ
ጥቅምት 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ሐምዲያ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ሰው ወደ መተማ ሊመለስ ስለሆነ በችኮላ ነው የምጽፍልሽ።

ያንን ወረቀት አራት ቀን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በአምስተኛው ቀን በልጄ ደብተር ላይ ስሜን መለማመድ ጀመርኩ፤ የጸሐፊውን የእጅ ጽሑፍ እንዲመስል። ይህን ለማንም አትንገሪ። አንድ ገጽ ሙሉ ኒዕማ እንድሪስ፣ ኒዕማ እንድሪስ ብዬ ሞላሁ። መምሰል ሲጀምር አክስቴ ፋጤ ከደጅ ተጣራች። «ከካርቱም ስለ ልጄ ደብዳቤ መጥቷል አሉ፣ እስከ መቼ ትደብቂኛለሽ?» ብላ ገባች። መልእክተኛው ነግሯት ነው።

አነበብኩላት። «እህታችን ያለ ምንም ክፍያ ለዐሥራ አንድ ዓመት ሴቶችን አሠልጥናለች። ያዘነችውን አጽናንታለች፣ ሥራ የፈታችውን አስጠግታለች፣ ታማ እንኳ ሜዳውን አልተወችም። በእሷ ምክንያት ዛሬ ሰባ አራት ሴቶች ይሮጣሉ» ይላል። አክስቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አላለቀሰችም። «ሰባ አራት?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። «እኔ ለዐሥራ ሁለት ዓመት የሰው ዕቃ ታጥባለች ብዬ ነበር የምተክዘው። ለካ ይሄን ታደርግ ኖሯል!» አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ፤ «በይ ጣቴን ስሟ ላይ አድርጊልኝ።»

ማንበብ እንደማትችል ታውቂያለሽ። ጣቷን ይዤ ባዶው ቦታ ላይ አደረግሁት። ምን ላድርግ? ዳበሰችው፣ ደግማ ዳበሰችው፣ ከዚያ ከላይ ያለውን መስመር ዳበሰች። «እዚህ ጋ ምንም የለም» አለችኝ። እስክሪብቶ ተጭኖ የሄደበትን በጣቷ ለየችው!

«ቆዪ አክስቴ፣ ረስተውት ነው» አልኳትና እስክሪብቶውን አነሳሁ። ረሺዳ ይማም ብዬ ጻፍኩ። በጣም ተጭኜ ጻፍኩት፣ ወረቀቱ ከጀርባው እስኪያብጥ ድረስ። የጸሐፊውን እጅ አይመስልም፣ የእኔው ጽሑፍ ነው። ጣቷን መልሼ አደረግሁላት። ከ«ረ» እስከ «ም» ቀስ ብላ ሄደችበትና «አዎ፣ እዚህ አለች» አለች።

ወረቀቱን አልመለሰችልኝም። ያንኑ ዕለት ቤት ለቤት ዞራ አስነበበችው። መምህሩን ሁለት ጊዜ አስነብባዋለች፤ «ሰባ አራት የሚለውን ድገመው» እያለች።

በማግስቱ ወረዳ ሄጄ ማመልከቻዬ ላይ ያያዝኳቸውን ሠርተፊኬቶች ወሰድኩ። «የእህቴ ናቸው፣ በስሜ ሮጣ ነው» አልኳቸው። ሹሙ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ከፋይሉ አውጥቶ ሰጠኝ። ሥራውን ዲፕሎማ ላለው ልጅ ሰጡት። ቅር አላለኝም ብልሽ ውሸት ነው፤ ሁለት ቀን ከሰው አልተነጋገርኩም። ልጆቹ ግን ማለዳ መጥተው በሬን አንኳኩ። አሁን ዘጠኝ ሆነዋል።

እና እትዬ፣ ተናገሪ። ዋንጫው ላይም መቃብሯም ላይ ስሟን አስጽፊ። በወረቀት ሙተሻል ላልሽኝ፣ ግድ የለም፤ እዚህ ገበያ ውስጥ በቁሜ የሚያውቀኝ ብዙ ነው። ስሜን ንጹሑን መልሳልኛለች፤ ተቀብያለሁ በይልኝ።

እህትሽ ኒዕማ


ካርቱም፣ ሪያድ
ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለኩራቴ ለኒዕማ እንድሪስ

አሰላሙ ዐለይኩም። አንቺን የሰጠኝን አላህን አመስግኜ አልጨርስም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሩጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ተውፊቅን «ዋንጫውን አስቀርጸኸዋል?» ብዬ ስሮጥ ዴም ሄድኩ። ቀራጩ ሰነፍ ስለሆነ አልጀመረውም ነበር፤ ስንፍናው ይባረክ።

ዓርብ ማለዳ ሜዳው ሞላ። ከአል-ጣኢፍ፣ ከዴም፣ ከባሕሪ ሳይቀር በሪክሻ ተጭነው መጡ። ተውፊቅ ጠረጴዛ ዘርግቶ ስም ይመዘግባል፣ ቁጥር ይሰጣል። ምዝገባው ሲያልቅ ማይኩን ተቀበልኩት። «ኒዕማ ብላችሁ የምታውቋት እህቴ ስሟ ረሺዳ ይማም ነው። የፋጤ ልጅ ናት። ኒዕማ የአክስቷ ልጅ ናት፣ በሕይወት አለች፣ ስሟን አበድራን ነው። ዛሬ የምንሮጠው የረሺዳን ሩጫ ነው» አልኩ። ሌላ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ረሳሁት።

ማንም አላጨበጨበም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጥፋት የሠራሁ መሰለኝ፤ ፖሊሱ፣ አሠሪው ከፊል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። ተውፊቅ «ያላ ያ በናት፣ በሉ ልጆች፣ ፀሐይ ሳይወጣ!» አለ። ይሄኔ አል-ጣኢፍ የምትሠራ፣ ሁላችንም ሐያት የምንላት ልጅ ከሰልፉ ወጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ያ ተውፊቅ፣ ሐያት የሚለውን ሰርዝልኝ» አለችው።

«አትሮጪም?»

«እሮጣለሁ። ስሜ ሸዋአለም ነው።»

ተውፊቅ ቀና ብሎ አያት። «ኢቃማሽ ሐያት ነው የሚለው፣ ያ ሸዋአለም። ወሬ ቢወጣስ?»

«ዐሥር ኪሎ ሜትር ስሮጥ ኢቃማ አልይዝም። ጻፍ።»

ጻፈ። ከኋላዋ ሌላዋ ቆመች፣ ከዚያ ሌላዋ። ጠረጴዛው ጋ ሰልፍ ሆነ። እየተሳሳቁ ነበር፤ እርስ በርሳቸው «አንቺም?» ይባባላሉ። አምስት ዓመት አንድ ክፍል የኖሩ ሁለት ልጆች ያን ዕለት ገና ተዋወቁ። የተውፊቅ መዝገብ ስርዝ ድልዝ ሆኖ ሦስተኛ ገጽ ጀመረ፤ ሩጫው አንድ ሰዓት ዘግይቶ በጠራራ ፀሐይ ተጀመረ። ማንም አላጉረመረመም። ሰማንያ ስምንት ሴቶች ሮጡ፤ ከእነሱ ሠላሳ ሦስቱ ስማቸውን ያስተካከሉ ናቸው። የወረቀቱ ፍርሃት ከማግስቱ ጀምሮ ተመልሷል፤ ያችን ማለዳ ግን ማንም አላሰበውም። መዝገቡንም ለማንም እንዳያሳይ ተውፊቅን አስምዬዋለሁ።

እኔም ሮጫለሁ። ሰማንያ ስምንተኛ ወጣሁ። ሰዓቴን የሚይዝ፣ የሚሰድበኝም ሰው አልነበረም፤ መስመሩን ሳልፍ አለቀስኩ። ግን ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት፣ በእሷ ኮርቼ። የመቃብሯን ቆርቆሮም አስቀይረናል። አሁን ዓይኔን ሳልጨፍን ዱዓ አደርጋለሁ።

አንደኛ የወጣችው አንዲት ቀጭን ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ሰሚራ ስንላት ኖረናል። ተውፊቅ ዋንጫውን ይዞ በማይክ «የረሺዳ ይማም ሩጫ አሸናፊ፣ ጸሐይወርቅ!» ብሎ ጠራ። ማንም ብቅ አላለም። ደግሞ ጠራ። ልጅቱ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ትፈታለች፤ እሷም እንደ እኛ ማን ይሆን ጸሐይወርቅ እያለች የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። ጎኗ የነበረችው በክርኗ ነካ አድርጋ «አንቺን እኮ ነው!» አለቻት።

ሐምዲያ